ይህ ነገር እውነት ነው? ኢንተርኔት ላይ ስለምናገኘው መረጃ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በየቤተሰቡ ግሩፕ፣ በየቢሮው የሻይ ሰዓት የሚነሱ ናቸው። ደብዳቤና ፎቶ ላይ ረዘም ብለናል፤ ጠንቃቃ የሚባለው ሰው ሳይቀር የሚሸወደው እዚያ ላይ ስለሆነ። ምንም ሳንጨምር የጻፍነው ዓመት በእኛ አቆጣጠር፣ እ.ኤ.አ. ያልነው በፈረንጆቹ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አድርግ ብትሉኝ ምን ትሉኛላችሁ?

ገጹን ትተው ይውጡ። ብዙዎቻችን ግልባጩን ነው የምናደርገው። ጽሑፉን ደጋግመን እያነበብን፣ ሎጎውን እያየን፣ «ስለ እኛ» የሚለውን ክፍል ሳይቀር እያገላበጥን እዚያው ተቀምጠን እንፈርዳለን። አታላይ ደግሞ አሳምሮ የሚሠራው በትክክል እነዚህኑ ነው።

በ2017 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 10 የታሪክ ምሁራንን፣ 10 መረጃ ማጣራት መተዳደሪያቸው የሆኑ ሰዎችንና 25 የዚያው የስታንፎርድ ተማሪዎችን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጠው ድረ ገጾችን እንዲመዝኑ አደረጉ። ዶክትሬት ያላቸውም፣ ጎበዞቹ ተማሪዎችም ባማረ ሎጎና ሙያዊ በሚመስል ስም ብዙ ጊዜ ተሸወዱ። አጣሪዎቹ ግን ገጹን ከፈት እንዳደረጉ ወዲያው ሌላ ትር ከፍተው ስለ ገጹ ባለቤት ሌሎች ምን እንደሚሉ ፈለጉ። ያነበቡት ጥቂት ነው፤ የደረሱበት መደምደሚያ ግን የተሻለ ነበር፤ ፈጣኖቹም እነሱ ነበሩ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባል የለ? ሥሩን መፈለግ ማለት ይህንን መጀመሪያ ያለው ማነው፣ እንዴትስ ሊያውቅ ቻለ ብሎ መጠየቅ ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ዜናውን አሥር ቻናል ላይ ያገኘ ሰው አሥር ምስክር ያገኘ ይመስለዋል። አሥሩም ከአንዱ የቀዱ ከሆነ ምስክሩ አንድ ነው። መቅዳታቸውን ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም፤ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ኮፒ አድርገው መፈለጊያው ውስጥ ይለጥፉት። አሥሩም ቦታ አንድ ዓይነት የፊደል ግድፈት ካለ፣ አባትየው አንድ ነው።

የላከልኝ ግን የማምነው ሰው ነው። ይህ አይበቃም?

አይበቃም። ለሰውየው ያለዎት እምነት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ እሱ ግን መንገድ እንጂ ምንጭ አይደለም። ሐኪም ጓደኛዎ ስለ መድኃኒት ቢነግርዎት አንድ ነገር ነው፤ ይኸው ሐኪም ስለ ብር ለውጥ የደረሰውን ሲያስተላልፍ ግን እንደ ማንኛችንም ነው። ዋትስአፕ ላይ ከመልእክቱ ጫፍ ድርብ ቀስት ካዩ፣ መልእክቱ ቢያንስ አምስት ጊዜ ከሰው ወደ ሰው ተላልፎ እርስዎ ዘንድ ደርሷል ማለት ነው። «አንድ የማውቀው ሰው እዚያ ይሠራል» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያ «የማውቀው» የማን እንደሆነ በዚያን ጊዜ ማንም አያውቅም።

ደብዳቤው ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ፊርማ አለው። እንዴት ሐሰት ይሆናል?

የማኅተም ፎቶ ከማንኛውም የቆየ ደብዳቤ ላይ ተቆርጦ ይወጣል። ስልክ ላይ በሚሠራ የፎቶ ማስተካከያ የደቂቃዎች ሥራ ነው። እኛ ሀገር ክብ ማኅተም ያለው ግርማ ሌላ ስለሆነ፣ ወረቀት ላይ ሰማያዊ ክብ ስናይ ጥያቄያችን ሁሉ ይቆማል። አታላዩም ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

ስለዚህ ከማኅተሙ በፊት ቀኑን ይመልከቱ። የእኛ ወር 30 ቀን ነው። «ጥር 31» ወይም «ግንቦት 31» የሚል ደብዳቤ ከደረሰዎት፣ የጻፈው ሰው የፈረንጅ ካላንደር ፊቱ አድርጎ ነበር ማለት ነው። ጳጉሜን 6 የሚኖረው በአራት ዓመት አንዴ ነው፤ 2011 እና 2015 ነበራቸው፣ 2016 እና 2017 አልነበራቸውም። ቀኑ እሑድ ላይ ወይም በበዓል ቀን የዋለ ከሆነም መጠርጠር ነው፤ መዝገብ ቤት በበዓል ወጪ ቁጥር አይሰጥም።

ቀጥሎ አካሉን ይመልከቱ። ማኅተሙ ፊርማው ላይ ወይም ቲተሩ ላይ ገባ ብሎ ያረፈ ነው ወይስ ብቻውን ባዶ ቦታ ላይ ተንሳፍፏል? የማኅተሙ ጽሑፍና የደብዳቤው ራስጌ የአንድ መሥሪያ ቤት ናቸው? መሥሪያ ቤቶች ሲዋሐዱና ስም ሲቀይሩ በኖሩበት ሀገር፣ ራስጌው አዲሱን ስም ይዞ ማኅተሙ የድሮው ሲሆን ደብዳቤው ከሁለት ቦታ ተሰፍቷል። «ሚኒስቴር» መባል ያለበት «ሚኒስትር» ተብሎ ራስጌው ላይ ተጽፎ ካዩም እንዲሁ። ጉዳዩ፣ ግልባጩ፣ «ከሠላምታ ጋር» የሚለው ሁሉ በቦታው ሆኖ ቋንቋው ግን የፌስቡክ ከሆነ (ቃለ አጋኖ የበዛበት፣ «ሼር አድርጉ» የሚል) መልሱን ራሱ ሰጥቷል።

ይህ ሁሉ ግን ለመጠርጠር እንጂ ለመፍረድ አያበቃም። እውነተኛው የመንግሥት ደብዳቤም ፊደል ይገድፋል፤ አንዳንዴማ ከሐሰተኛው የባሰ ይገድፋል። ይፋ ከመሆኑ በፊት ሾልኮ የወጣና በኋላ እውነት ሆኖ የተገኘ ደብዳቤም አለ። የመጨረሻው ማረጋገጫ ላኪው መሥሪያ ቤት ነው። ስልኩን ግን ከደብዳቤው ላይ አይውሰዱ፤ ሐሰተኛ ደብዳቤ ላይ ያለ ስልክ የሚያነሳው አታላዩ ራሱ ነው። ቁጥሩን ራስዎ ፈልገው ያግኙ።

ፎቶ ወይም ቪዲዮ አይዋሽም አይደል?

ፎቶው ራሱ ብዙ ጊዜ አይዋሽም። የሚዋሸው ከሥሩ የተጻፈው ነው። በጣም የተለመደው ማታለያ ቅንብር እንኳን አይፈልግም፤ ከአምስት ዓመት በፊት ሌላ ሀገር የተነሳ ፎቶ ላይ «ዛሬ ጠዋት» ብሎ መጻፍ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ምስሉን ራሱን ይፈልጉት። ጉግል ሌንስ፣ ቲንአይ እና ያንዴክስ ፎቶ ሲሰጧቸው ያው ፎቶ ሌላ የት እንዳለ ይነግሩዎታል። ቲንአይ በተለይ ከሁሉ የቆየውን ቀን አስቀድሞ እንዲያሳይ ማዘዝ ይቻላል፤ «የዛሬው» ፎቶ ከሦስት ዓመት በፊት ሌላ ገጽ ላይ ከተገኘ ነገሩ አለቀ። ቪዲዮ ከሆነ ግልጽ የሆነ ቦታ ላይ አቁመው ስክሪንሾት ያንሱና እሱን ይፈልጉት። አንዱ ካላገኘ ሌላው ጋ ይሞክሩ፤ ያንዴክስ ፊትና ሕንፃ ላይ ጉግል ያላገኘውን ሲያገኝ ይታያል።

ምንም ካልተገኘ ዓይንዎን ይጠቀሙ። መኪኖቹ በግራ መሥመር የሚሄዱ ከሆነ ቦታው ኢትዮጵያ አይደለም፤ ኬንያ፣ ኡጋንዳ ወይም ታንዛኒያ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ከሆነ ከተማዋ ራሷ ቀን ትናገራለች። የቀላል ባቡሩ አገልግሎት የጀመረው በመስከረም 2008 ነው፤ መስቀል አደባባይን በሚያሳይ ፎቶ ላይ ባቡሩ የሚያልፍበት ድልድይ ከሌለ፣ ፎቶው ግንባታው ከመጀመሩ በፊት የተነሳ ነው። አደባባዩ ታድሶ የተከፈተው በ2013 ነው። ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ የተመረቀው በየካቲት 2016 ሲሆን፣ በዙሪያው የነበረው ሰፈር የፈረሰውም በዚያው ዓመት ነው። የድሮዋ ፒያሳ ከነቤቶቿ የምትታይበት «የዛሬ» ሰልፍ የለም። ከዚህ ሌላ ጥላ፣ ዝናብ፣ የሰዉ አለባበስ አለ፤ በነሐሴ ነው በተባለ ፎቶ ላይ መሬቱ አቧራ ከሆነ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል።

የጦርነት ቪዲዮ ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። አርማ 3 የተባለ የኮምፒውተር ጌም አለ፤ ከዚህ ጌም የተቀዱ ምስሎች ከዩክሬን፣ ከሶርያ፣ ከአፍጋኒስታን የመጡ እየተባሉ በዓለም ዙሪያ ዞረዋል። ጌሙን የሠራው ቦሄሚያ ኢንተራክቲቭ የተባለ የቼክ ኩባንያ በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ራሱ መግለጫ አውጥቶ መለያዎቹን ዘረዘረ። ጥራታቸው ሆን ተብሎ የወረደ ነው፣ ካሜራው ይንቀጠቀጣል፣ ብዙዎቹ በጨለማ ናቸው፣ ድምፅ አይኖራቸውም፣ የሚንቀሳቀስ ሰውም አይታይባቸውም። ሰው ማንቀሳቀስ ለጌም ከባድ ነውና።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ምስልን በምን ልለይ?

ቀድሞ ጣት ቁጠሩ ይባል ነበር፤ አሁን ጣቱም ተስተካክሏል። ለእኛ አንባቢ አሁንም የሚጠቅመው ከጀርባ ያለውን ጽሑፍ ማየት ነው። እነዚህ ማሽኖች የላቲኑን ፊደል እየለመዱት ሲሄዱ የእኛን ፊደል ግን ገና ያበላሹታል። የሱቁ ማስታወቂያ፣ የሰልፈኛው መፈክር፣ የታክሲው ጽሑፍ ከሩቅ አማርኛ መስሎ ቀረብ ሲሉት «ሀ» ይሁን «ሐ» የማይታወቅ፣ ጭራሽ በፊደል ገበታችን የሌለ ቅርጽ ከሆነ ምስሉ የማሽን ነው። ይህም ብዙ አይቆይም፤ ይማሩታል። ያኔ የሚቀረው ምንጩን መጠየቅ ብቻ ነው። አንድ ታዋቂ ሰው አስደንጋጭ ነገር ሲናገር የሚያሳይ ቪዲዮ ቢመጣ፣ ንግግሩ የት፣ መቼ፣ በማን ፊት ተደረገ? መቶ ሰው ተሰብስቦ ያዳመጠው ንግግር በአንድ ስልክ ብቻ አይቀረጽም።

ቀኑ አልገባኝም። አማርኛው 2011 ይላል፣ እንግሊዝኛው 2019። አንዱ ዋሽቷል?

ብዙ ጊዜ ሁለቱም ልክ ናቸው። ናይሮቢ ሊሄድ ተነስቶ ቢሾፍቱ አቅራቢያ የተከሰከሰውና 157 ሰዎች ያለቁበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን በእኛ መጋቢት 1 ቀን 2011፣ በእነሱ 10 ማርች 2019 ነው። የሰባትና የስምንት ዓመቱን ልዩነት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የሚያሳስተን ሌላ ነው። የማሽን ትርጉም «ማርች 1»ን አንስቶ «መጋቢት 1» ይለዋል። ማርች 1 ግን የካቲት 22 ነው። ሰዓቱም እንዲሁ፤ ፈረንጁ «ከጠዋቱ 8» ሲል እኛ ዘንድ 2 ሰዓት ነው። «አደጋው የደረሰው 8 ሰዓት ነው፤ እሱ ግን በ2 ሰዓት ለጠፈ፤ ስለዚህ አስቀድሞ ያውቅ ነበር» የሚል የሴራ ትንታኔ ከዚህ በላይ መነሻ ላይኖረው ይችላል። ዓመት ብቻ ተጽፎ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ያልተባለበትን ጽሑፍ መጀመሪያ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳያውቁ አይከራከሩበት።

የቴሌግራም ቻናሉ 300 ሺህ ተከታይ አለው። ትክክለኛው ይሆን?

የተከታይ ብዛት ምንም አያረጋግጥም። ቴሌግራም ላይ ቻናል ስሙን ሲቀይር ተከታዮቹ አብረውት ይቀራሉ። ትናንት የኳስ ውጤት ይለጥፍ የነበረ ቻናል ዛሬ የመሥሪያ ቤት ስምና ሎጎ ለጥፎ ብቅ ማለት ይችላል። ወደ ኋላ ሄደው የመጀመሪያዎቹን ልጥፎች ያንብቡ፤ ማንነቱ እዚያ አለ። የድሮው ሁሉ ከተሰረዘም ያው መልስ ነው።

የ12ኛ ክፍል ፈተናን እንመልከት። በ2008 የአገር አቀፉ ፈተና በእርግጥም ሾልኮ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥቶ ፈተናው ተሰርዟል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ «መልሱ አለን» የሚሉ ቻናሎች ገንዘብ የሚሰበስቡት በዚያ እውነት ላይ ቆመው ነው፤ «ያኔም ወጥቷል እኮ» ማለት ይበቃቸዋል። ከ2015 ጀምሮ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሚወስዱት ሆኗል፤ ሻጮቹ ግን አልቀነሱም። አንዱ ዘዴያቸው ይህ ነው። ከፈተናው በፊት ተራ ልጥፍ ይለጥፋሉ፤ ፈተናው ካለቀ በኋላ ያንኑ ልጥፍ አርመው መልሱን ያስገቡበታል። ቀኑ ከፈተናው በፊት ስለሆነ «አስቀድመው ያውቁ ነበር» ያሰኛል። ልጥፉ መታረሙን የሚናገረው ከሰዓቱ አጠገብ ያለች ትንሽ «ኤዲትድ» የምትል ምልክት ናት። ውጤትም ቢሆን የሚለቀቀው በትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው፤ ውጤት ለማየት ብር ላኩ የሚል ካለ ሌባ ነው።

ሰማያዊዋ ምልክትስ?

ኤክስ (የድሮው ትዊተር) ላይ ከ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ በወርኃዊ ክፍያ ትገዛለች። ፌስቡክና ኢንስታግራምም የሚከፈልበት አላቸው። ስለዚህ ብቻዋን ገጹ የትክክለኛው ተቋም መሆኑን አታረጋግጥም።

የድረ ገጽ አድራሻን እንዴት ላንብበው?

ከቀኝ ወደ ግራ። «https://» ከሚለው በኋላ፣ ከመጀመሪያው እዝባር (/) በፊት ያለው የመጨረሻ ቃል ባለቤቱን ይናገራል። የኢትዮጵያ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች «ዶት ገቭ ዶት ኢቲ» ላይ ያበቃሉ፤ የአሜሪካ መንግሥት «ዶት ገቭ» ላይ። «ገቭ» የሚለው ቃል መሃል ላይ ገብቶ መጨረሻው «ዶት ኮም» ከሆነ ገጹ የመንግሥት አይደለም።

ለዲቪ ተስፈኞች ይህ ብቻውን ብዙ ገንዘብ ያድናል። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት «ደርሶሃል» ብሎ በኢሜይልም በስልክም አያበስርም። አመልካቹ ራሱ የማረጋገጫ ቁጥሩን ይዞ በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ገብቶ ያያል። የፕሮግራሙ ደንብ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥም፣ ይኖር አይኖር እንደሆነ ከኢንተርኔት ቤት ሳይሆን ከዚያው ገጽ ያረጋግጡ።

የውጭ አገር ሥራ ማስታወቂያ ሲሆንስ?

እዚህ ላይ መሳሳት ሕይወት ያስከፍላል። ታይላንድ ውስጥ በኮምፒውተር የሚሠራ፣ ደመወዙ ዳጎስ ያለ ሥራ አለ ተብለው የሄዱ ብዙ ኢትዮጵያውያን ድንበር ተሻግረው ማይናማር፣ ማያዋዲ አካባቢ ባሉ የማጭበርበሪያ ግቢዎች ውስጥ ተዘግቶባቸው በግዳጅ ሲሠሩ ቆይተዋል። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከእነዚያ ግቢዎች በብዛት ከወጡት የውጭ ዜጎች መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩበት። አንዳንዶቹ ማስታወቂያውን ያገኙት ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ነው፤ ሌሎቹን የመለመላቸው የሚያውቁት ሰው ነው።

ማስታወቂያውን ሲያዩ ደመወዙን ይተዉና ቪዛውን ይጠይቁ። «በጉብኝት ቪዛ ትገቢና እዚያ ይቀየራል» የሚባል ከሆነ ይቁም። ወደ ዓረብ አገር በሕጋዊ መንገድ የሚኬደው ኢትዮጵያ የሥራ ስምምነት ወዳደረገችባቸው አገሮች፣ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል ነው። ፈቃዱን ኤጀንሲው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ወረቀት ሳይሆን ከሚኒስቴሩ ያጣሩ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛንና የትራንስፖርትን ወጪ የጣለው አሠሪው ላይ ነው። ለፓስፖርትና ለጤና ምርመራ ሠራተኛዋ ትከፍላለች፤ «ለቪዛና ለትኬት አስገቢ» ካሏት ግን ከሕጉ ውጭ ናቸው።

«ጥናት አረጋግጧል» የሚል የጤና መረጃን ልመን?

የትኛው ጥናት ብለው ይጠይቁ። በስንት ሰው ላይ? በሰው ላይ ነው ወይስ በአይጥ? ጥናት የሚባለው ሁሉ እኩል አይደለም፤ ታትሞ የወጣም ይሰረዛል። በ1998 እ.ኤ.አ. ላንሴት የተባለው ታዋቂ የሕክምና መጽሔት የኩፍኝን ክትባት ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ ጽሑፍ አወጣ። የተጠኑት ሕፃናት 12 ብቻ ነበሩ። በኋላ መረጃው የተዛባ መሆኑ ተረጋግጦ መጽሔቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ጽሑፉን ሰረዘው፤ ዋናው ጸሐፊም የሕክምና ፈቃዱን ተነጠቀ። ያ ጽሑፍ ዛሬም በአማርኛ ቪዲዮ ላይ «ጥናት አረጋግጧል» ተብሎ ሲጠቀስ ይሰማል። መሰረዙን የሚጠቅስ የለም።

ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ ጤና አዳም፣ ዝንጅብል ላይ ጠብ የለንም፤ ቤታችን ያደጉ ናቸው። ጠባችን «ያድናል» ከሚለው ቃል ጋር ነው። በመጋቢት 2012 ኮቪድ አዲስ አበባ ሲገባ የነጭ ሽንኩርትና የሎሚ ወሬ ከበሽታው ቀድሞ ነበር የተዳረሰው። የዓለም ጤና ድርጅት መልስ አጭር ነበር። ነጭ ሽንኩርት ጤናማ ምግብ ነው፤ ከኮሮና እንደሚከላከል ግን ማስረጃ የለም። አንድ ነገር ስኳርንም፣ ደም ግፊትንም፣ ካንሰርንም ይፈውሳል ከተባለና ከቪዲዮው ሥር የሚሸጥበት ስልክ ካለ፣ የሚያዩት ማስታወቂያ ነው። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አቁሙ የሚል ከሆነ ግን ማስታወቂያ ብቻ አይደለም፤ ሰው ይገድላል።

ውክፔዲያ ላይ ካገኘሁትስ?

እንግሊዝኛው ጥሩ መነሻ ነው፤ ከታች የተደረደሩትን ማጣቀሻዎች ከፍተው ካነበቡ። የአማርኛው ግን ጽሑፎቹ 15 ሺህ ገደማ፣ አዘጋጆቹም ጥቂት ስለሆኑ አንድ ስህተት ዓመታት ሳይታረም ሊቀመጥ ይችላል። ማጣቀሻ የሌለውን አንቀጽ ሰው ሲያወራ እንደሰሙት ይቁጠሩት።

ቻትጂፒቲን ጠይቄ መልስ ሰጠኝ። እሱስ?

አለማወቁን ሳያውቅ የሚመልስ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ አቪያንካ በተባለ አየር መንገድ ላይ በቀረበ ክስ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የሰጣቸውን የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ጠቅሰው አቀረቡ። ውሳኔዎቹ ከነስማቸው፣ ከነቁጥራቸው ፈጠራ ነበሩ። ዳኛው 5,000 ዶላር ቀጣቸው። ማሽኑ የሚያሳስተው በሚያሳፍር ሁኔታ ስለማይሳሳት ነው፤ ሐሰቱም እንደ እውነቱ የተረጋጋና ያማረ ነው። በአማርኛ ሲጠየቅ ደግሞ የተማረበት ጽሑፍ ጥቂት በመሆኑ የባሰ ይሳሳታል፤ ዓመተ ምሕረት ያደባልቃል፣ የሌለ የአዋጅ ቁጥር ይሰጣል። ረቂቅ ለማሰናዳት፣ የረዘመ ጽሑፍ ለማሳጠር ይጠቀሙበት። ስም፣ ቀን፣ ቁጥርና የሕግ አንቀጽ ሲሰጥዎት ግን ሌላ ቦታ ሳያገኙት አይጻፉት።

ትልልቆቹ ሚዲያዎችስ? የዩቲዩብ ተንታኞችስ?

ሁሉም ይሳሳታል። ልዩነቱ ሲሳሳት ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ስህተቱን በስሙ ጠርቶ የሚያርም ሚዲያ፣ ዝም ብሎ ልጥፉን ከሚያጠፋ ይሻላል። የመንግሥት ሚዲያ መንግሥት ያለውን ለማወቅ ይጠቅማል፤ መንግሥት ያላለውን ለማወቅ ግን ሌላ በር ማንኳኳት ግድ ነው። ተቃዋሚውም በራሱ በኩል እንዲሁ።

ዩቲዩብ የሚከፍለው በታየው ማስታወቂያ ልክ ነው። ርዕሱ ላይ «ሰበር! ጉድ ፈላ!» ተብሎ 40 ደቂቃ ሙሉ ያ ጉድ የማይመጣው ለዚህ ነው። ዜናው እውነት ቢሆን በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ወሬ የሚፈጥነውም በእኛው ጣት ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት 126,000 ያህል ወሬዎች ትዊተር ላይ እንዴት እንደተዛመቱ ተከታትሎ፣ ሐሰቱ ከእውነቱ ይልቅ መልሶ የመሰራጨት ዕድሉ በ70 በመቶ እንደሚበልጥ አገኘ። ለዚህ ተጠያቂው ሮቦት ሳይሆን ሰው ነበር። ሐሰት አዲስና አስደንጋጭ መሆን ይችላል፤ እውነት አብዛኛውን ጊዜ ተራ ነው።

ጋሼ የላኩት ሐሰት መሆኑን አወቅኩ። በግሩፑ ውስጥ ታላቅን እንዴት ላርም?

በግሩፑ ውስጥ አያርሙ። በሰው ፊት የታረመ ትልቅ ሰው ነገሩን የበለጠ ይይዘዋል፤ ግሩፑም ለሁለት ይከፈላል። በውስጥ መሥመር ይጻፉላቸው፤ ቢደውሉማ ይሻላል። «ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ? ያቺ ስለ ባንኩ የላኳት ነገር እኔንም አስደንግጣኝ ባንኩ ገጽ ላይ ገብቼ ባያት፣ እነሱ አይደለም ብለዋል። ይኸው ልኬልዎታለሁ» ቢሏቸው ብዙዎቹ ራሳቸው ይሰርዙታል። አንዳንዶቹ ደግሞ «ነግረውኛል እኮ ልጆች» ብለው ማስተባበያውን በራሳቸው ስም ግሩፑ ላይ ይለጥፉታል፤ ይለጥፉት፣ ምን ቸገረን።

የማይሰማ ሰውም አለ። ከእሱ ጋር ከመከራከር ሌሎቹ እንዲያዩት ማስተባበያውን ያለ ምንም አስተያየት ማስቀመጥ ይበቃል።

በአማርኛ የሚያጣራ የት ላገኝ እችላለሁ?

ኢትዮጵያ ቼክ እና ሐቅቼክ በአማርኛ ይሠራሉ፤ ፔሳቼክም ከእንግሊዝኛው ሌላ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ያወጣል። የተጠራጠሩትን ቁልፍ ቃል ከእነዚህ ስም ጋር አድርገው ቢፈልጉ ብዙ ጊዜ የቀደመዎት ያገኛሉ፤ ያው ወሬ ከዓመት በኋላ ስም ቀይሮ ተመልሶ ይመጣልና። እነሱም ሁሉን አይደርሱም። የትኛውን መርጠው እንዳጣሩ፣ የትኛውን እንደተዉም መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥሩ አጣሪ እንዴት እንደደረሰበት ደረጃ በደረጃ ያሳያል፤ «ሐሰት ነው» የሚል ቀይ ማኅተም ብቻ የሚለጥፍ ከሆነ እሱንም እንደ ሌላው ያጣሩት።

ሐሰት መሆኑን ሳላውቅ ባጋራው በሕግ እጠየቃለሁ?

የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ የሚለው ሐሰት የሆነን፣ ሐሰትነቱንም አሰራጩ የሚያውቀውን ወይም ሊያውቅ ይገባው የነበረን፣ ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉም ከፍተኛ የሆነን ንግግር ነው። ቅጣቱ እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ነው። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። በንግግሩ የተነሳ ጥቃት ከደረሰ ደግሞ ይከብዳል።

«ሊያውቅ ይገባው ነበር» የሚለው ሐረግ ሰፊ ነው፤ አዋጁ ሲወጣም የመብት ተሟጋቾች ከተቹባቸው ነገሮች አንዱ የትርጉሙ ልቅነት ነበር። በሌላ በኩል ይኸው አዋጅ፣ ተናጋሪው እውነትነቱን ለማረጋገጥ ምክንያታዊ ጥረት ካደረገ ክልከላው እንደማይመለከተው ይላል። ስለዚህ ብዙ ተከታይ ያለው ገጽ የሚያንቀሳቅሱ ከሆነ፣ አከራካሪ ነገር ከመለጠፍዎ በፊት የት የት እንዳጣሩ፣ ማንን በስንት ሰዓት እንደጠየቁ ስክሪንሾቱን ከነቀኑ ያስቀምጡ።